ልጃችሁ «መኖር አልፈልግም» ስትል፦ ከቤት እስከ ኢመርጀንሲ ከዚያም እስከ ቤት

ሥራዬ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆስፒታሎች በአካልም በቪዲዮም አስተረጉማለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስልኬ ይጮኻል። የሚያውቀኝም፣ የሚያውቀኝን የሚያውቅም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ መኖር ሰልችቶኛል አለችኝ። ኢመርጀንሲ ልውሰዳት? ብወስዳትስ ምን ያደርጓታል? ይወስዱብኝ ይሆን?» በየማታው ከመድገም ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ያለው በዚያ በር ስገባ ስወጣ ያየሁት፣ ወላጅ ቀድሞ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር ነው። የጻፍኩት አሜሪካ ላለ ወላጅ ነው፤ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። «ልጃችሁ» እያልኩ በሴት አንቀጽ ብጽፍም ለወንዱም ያው ነው።

አሁን በዚህች ሰዓት አንድ ነገር ውጣ ወይም ራሷን ጎድታ ከሆነ ማንበቡን ተዉትና 911 ደውሉ።

መቼ ነው ኢመርጀንሲ የሚኬደው?

ራሷን ለማጥፋት እንዳሰበች ተናግራ እንዴት እንደምታደርገው ካወቀች፤ ሞክራ ከሆነ፤ ማንም የማይሰማው ድምፅ «አድርጊ» እያለ የሚያዛት ከሆነ፤ ለቀናት ሳትተኛ ወሬዋ ከተምታታ፤ ወይም ሰው ልትጎዳ ከተነሳች ዛሬውኑ ይኬዳል። ሐዘኑ ከብዶ፣ ትምህርት ጠልታ፣ ከክፍሏ አልወጣም ብላ፣ ስትጠይቋት ግን የመሞት ሐሳብ ከሌላት የልጆች ሐኪሟ ጋ በዚሁ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። መለየት ካቃታችሁ 988 ደውሉ፤ ቁጥሩ ለዚሁ የተከፈተ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነብልቃጣቸው (ስማቸውን በቃል አትያዙ)
- የኢንሹራንስ ወይም የሜዲኬይድ ካርድና የእናንተ መታወቂያ
- ወላጆች ከተፋታችሁ የፍርድ ቤቱ የአሳዳጊነት ወረቀት። ማን መፈረም እንደሚችል ካልታወቀ ሁሉ ነገር ይቆማል
- የሐኪሟ፣ የቴራፒስቷና የትምህርት ቤት አማካሪዋ ስልክ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ስልኳ ስለሚወሰድ
- የእናንተ ስልክ ቻርጀር፣ ሹራብ፣ የሚበላ ነገር
- ብዕርና ደብተር

ገመድ ያለው ኮፍያ ሹራብ፣ ቀበቶ፣ ሽቦ ያለው የጆሮ ማዳመጫ አታምጡላት። በር ላይ ይወስዱባታል፣ እሷም ትበሳጫለች።

ደረጃ 1. በቀጥታ ጠይቋት

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ቃሉን ሳትፈሩ እንዲህ በሉ። ብዙ ወላጅ «ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ብሎ ይሸሻል። መጠየቅ ሐሳቡን በልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ይህ ተጠንቶ የታወቀ ነው። ባትጠይቁ ግን ሐኪሙ ስንት ሰዓት ቆይቶ የሚደርስበትን ነገር ከቤት ሳትይዙ ትሄዳላችሁ። አዎ ካለች «እንዴት? መቼ?» ብላችሁ ቀጥሉ።

እዚህ ያደገ ልጅ የሚያውቀው አማርኛ «ብይ፣ ተኚ፣ አጥኚ» ብቻ ሊሆን ይችላል። እሷ በሚቀላት ቋንቋ ትመልስ፤ የእናንተ እንግሊዝኛ ቢሰባበርም ግድ የለም። መልሱን ስትሰሙ «ምን ጎደለብሽ? እኔ ስንት መከራ አይቼ ነው ያመጣሁሽ» የሚለውን ዋጡት። እውነት ነው፣ መከራ አይታችኋል። እሷ የምትሰማው ግን «ሸክም ሆኛለሁ» የሚለውን ነው፣ ያ ደግሞ ቀድሞውንም የምታስበው ነው። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ። አሁን አብረን እንሄዳለን» ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ሐኪሙ ፊት ማፍረሳችሁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ዳግመኛ አትነግራችሁም።

ደረጃ 2. ብቻዋን አትተዉ

መታጠቢያ ቤት ስትገባም በሩ ገርበብ ይበል። አንዳችሁ አጠገቧ ስትሆኑ ሌላችሁ መድኃኒቱን፣ ቢላዋውን፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ መሣሪያውን ከእጇ አርቁ። ራስን የመጉዳት ፍላጎት ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ እጇ ላይ ምን አለ የሚለው ሕይወት የሚወስን ጉዳይ ነው።

ደረጃ 3. የዋጠችው ነገር ካለ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ እኛ ሐበሾች የምንሠራው ስሕተት አለና።

አንድ ምሽት በቪዲዮ ተደወለልኝ። (የሰዎቹን ሁኔታ ለውጬ ነው የማወራው።) ሰዓቱ ከምሽቱ አራት ነው፣ በፈረንጅ 10:00። አባትየው ቀድሞ በራሱ እንግሊዝኛ ልጁ ታይሌኖል የዋጠችው «ሁለት ሰዓት» ላይ እንደሆነ ተናግሯል፤ ናርሷ ከቀትር በኋላ 2:00 ብላ መዝግባለች። እኔ ልቤ ስላላመነኝ «ጋሼ፣ በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አልኩት። «ኧረ በሐበሻ፣ ማታ ከእራት በኋላ» አለ። ከስምንት ሰዓት በፊት የተባለው ነገር ለካ ከሁለት ሰዓት በፊት ነበር።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል? የታይሌኖል መጠን በደም ውስጥ ተለክቶ ትርጉም የሚሰጠው ከተዋጠ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተቀዳ ደም ያሳስታል። ማርከሻው ደግሞ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ጉበትን በደንብ የሚያድነው። ሁለቱም የሚቆጠሩት እናንተ ከሰጣችሁት ሰዓት ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ በፈረንጅ ቁጥር ጻፉ፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑንም ጨምሩ። ባዶውን ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦
- «አሁን ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብትል አትመኑ። ታይሌኖል በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው።
- እንድታስታውክ አታድርጓት፣ ወተትም አታጠጧት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለውን የአያቶቻችንን ምክር ለዛሬ ተዉት።
- በ1-800-222-1222 የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሌት ተቀን በነጻ ያማክራል። ልጅቷ ከተዝለፈለፈች ወይም መተንፈስ ካቃታት ግን ቀጥታ 911።

ደረጃ 4. ደውሉ ወይም ውሰዷት

988 ስትደውሉ የተቀዳ ድምፅ ይቀድማል፤ ሰው ሲመጣ «አምሃሪክ» በሉና መስመሩን ሳትዘጉ ጠብቁ። ከ240 በላይ ቋንቋ የሚያስተረጉም የስልክ አገልግሎት አላቸው። በጽሑፍ መልእክት ግን በአማርኛ አይሠራም፣ ልጃችሁ በእንግሊዝኛ ብትጠቀምበት ይሻላል። በብዙ አካባቢ ቤት ድረስ የሚመጣ የቀውስ ቡድን ስላለ መኖሩን ጠይቁ።

911 ከደወላችሁ የአእምሮ ጤና ጉዳይ መሆኑን፣ ልጅ መሆኗን፣ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለዚህ የሠለጠነ ፖሊስ እንዲመጣ ጠይቁ፤ «ሲ.አይ.ቲ» ይሉታል። በር የሚያንኳኳው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ካወቀ እጁ ይረጋጋል።

ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ከእሷ ጋር ይቀመጣል፣ በሩም በልጆች መቆለፊያ ይቆለፍ። ቅርብ የልጆች ሆስፒታል ካለ ያ ይመረጣል፤ ዲሲ ላለ ሰው ችልድረንስ ናሽናል አለ። ሩቅ ከሆነና ነገሩ ከጠና ግን የቅርቡ ይሁን።

ደረጃ 5. የኢመርጀንሲው መቀበያ መስኮት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ

መጀመሪያ፦ «ልጄ ራሷን ልታጠፋ ነበር» ወይም «ራሷን ማጥፋት ትፈልጋለች» በሉ። ታሪኩን ከሥሩ አትጀምሩ። የትሪያጅ ናርሷ (ማን ቀድሞ እንደሚታይ የምትለየዋ) ከ1 እስከ 5 ባለው የአጣዳፊነት ደረጃ የምትመድበው በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። «ትንሽ ይጨንቃታል» ያለ ወላጅ ልጅ ከጉንፋን ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል።

ቀጥሎ፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር። ፎር ሚ፣ ኖት ፎር ማይ ቻይልድ።»

ይህን ለምን አጥብቄ እላለሁ? ልጃችሁ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ስትናገር የሆስፒታሉ ሰዎች ቤተሰቡ በሙሉ የገባው ይመስላቸዋል። ሐኪሙ ከእሷ ጋር አውርቶ ይሄዳል፣ እናንተ ጥግ ላይ ትቀራላችሁ። እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ የሆነውን ግማሹን አትናገርም፤ አንዳንዱን አፍራ፣ አንዳንዱን ለእናንተ አዝና። ሌሊት ሌሊት እንደምትነቃ፣ ዕቃዋን ለጓደኛ እንዳከፋፈለች፣ ባለፈው ወር እጅጌዋን መሰብሰብ እንደተወች ያያችሁት እናንተ ናችሁ። አስተርጓሚው ለዚያ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የአፎርደብል ኬር አክት ክፍል 1557 ይህን ይደነግጋል፣ ሕይወት የሚያሰጋ አጣዳፊ ነገር ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምንም ይከለክላል። ታናሽ ወንድሟን አታስተርጉሙት። እሷንም በራሷ ጉዳይ ላይ።

አንዲት እናት «ሆድ ብሷታል» ለማለት በራሷ እንግሊዝኛ ሆዷን እያሳየች «ባድ» አለች። ልጅቷ ሆዷ ተዳሰሰ፣ ሽንት ስጪ ተባለች። እኔ ስገባ ግማሽ ሰዓት ሄዷል።

ስለዚህ ስትናገሩ ያያችሁትን ንገሩ፣ ስም አታውጡለት። «አብዳለች»፣ «ቀልቧ ተገፏል» ከማለት «ሦስት ቀን አልተኛችም፣ ብቻዋን ታወራለች» ማለት ይሻላል። ጠበል ከወሰዳችኋት፣ ጾም ላይ ከሆነች፣ የአገር ቤት መድኃኒት ካጠጣችኋት ሳታፍሩ ንገሩ። ለምርመራው ይጠቅማል፣ የሚስቅባችሁ የለም።

ደረጃ 6. ቀጥሎ የሚሆነውን ስታዩ አትደንግጡ

ልብሷ ይወልቃል፣ የሆስፒታል ልብስ ትለብሳለች፤ ቦርሳና ስልኳ ይወሰዳል፤ በብረት መፈተሻ ትታያለች፤ አንድ ሠራተኛ በሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከእሷ አያነሳም። እስር አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ራሷን የምትጎዳበት ነገር እንዳይኖር ነው። ለእሷም ቀድማችሁ መኪና ውስጥ ንገሯት፤ ስልኳ በድንገት ሲወሰድ የሚነሳው ጸብ አብዛኛውን ጊዜ ባለማወቅ ነው።

ደምና ሽንት ይወሰዳል። የእርግዝናና የዕፅ ምርመራም አለበት። እናቶች እዚህ ላይ «ልጄን ምን አሰባችኋት?» ብለው ይቆጣሉ። በዚህ ምክንያት ለመጣች ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነው፤ የሚሰጣትን መድኃኒት ለመምረጥና ባሕርይዋን የቀየረው ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማወቅ ይረዳል።

ደረጃ 7. ለብቻዋ ያነጋግሯት፣ ከዚያ እናንተም ለብቻችሁ

ሶሻል ወርከር ወይም የአእምሮ ሐኪም (አንዳንዴ በስክሪን) ልጅቷን ያለ እናንተ ያነጋግራል። ውጡ ስትባሉ ውጡ። ልጅ ወላጅ ፊት የማይናገረው ነገር አለ፤ ያ ነገር ነው የሚፈለገው። ስትመለሱ «ምን አልሻቸው?» ብላችሁ አትመርምሯት። የነገረቻቸውን ሁሉ ለእናንተ ላይነግሯችሁ ይችላሉ፣ ሕይወቷን የሚያሰጋውን ግን ይነግሯችኋል።

በተራችሁ እናንተም «እሷ በሌለችበት መናገር የምፈልገው አለ» በሉ። በቤተሰብ ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሰው ካለ ያኔ ንገሩ። «በድንገት ነው የሞተው» እየተባለ ለልጆች የሚደበቅ አጎት በብዙ ቤት አለ፤ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት፣ አደጋውን የሚመዝንበት አንዱ ነገር ነውና።

«ልጄን ይወስዱብኛል» ለሚለው ፍርሃት፦ ልጅ ታመመች ብሎ ማምጣት በራሱ ልጅ አያስነጥቅም። ሆኖም ልጅቷ እንደምትመታ ወይም እንደተደፈረች ከተናገረች ሠራተኞቹ ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። ይህን ሸፋፍኜ አልነግራችሁም። እንዳትናገር ከልክላችኋት ዝም ማሰኘት ግን ከዚህ የባሰ ነው።

ደረጃ 8. መጠበቅ

አልጋ ይዛ መታከም አለባት ከተባለና በአካባቢው ክፍት አልጋ ከሌለ እዚያው ኢመርጀንሲ ውስጥ ትቆያለች። «ቦርዲንግ» ይሉታል። አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ ቀናትም ይሄዳል። በየጠዋቱ ሦስት ነገር ጠይቁና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ የትኞቹ ሆስፒታሎች ተጠየቁ? የዘወትር መድኃኒቷ እየተሰጣት ነው? ዛሬ የሚያያት ሐኪም ማነው? ሠራተኛ በየፈረቃው ስለሚቀየር የሚያስታውስ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ሁለታችሁም አትደሩ፤ ተራ ግቡ። ጠያቂ አታብዙ። አብዛኛው ሆስፒታል አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚፈቅደው፣ ደግሞም ልጅቷ ያንን ልብስ ለብሳ መላውን የዕድር አባል መቀበል አትፈልግም።

ደረጃ 9. ከመፈረማችሁ በፊት

ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወደ ቤት ከነዕቅዷ፣ ቀን ቀን እየታከመች ማታ ቤት የምታድርበት ፕሮግራም፣ ወይም አልጋ መያዝ። ወረቀት ሲመጣ አስተርጓሚው ተመልሶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። «በፈቃድ» መግባት ነው ወይስ «በትእዛዝ»? ይህን ጠይቁ፤ መብታችሁ ይለያያልና። በቨርጂኒያ 14 ዓመት የሞላት ልጅ የራሷም ፈቃድ ይጠየቃል፤ በጊዜያዊ ማቆያ ትእዛዝ የተያዘች ልጅ ደግሞ እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳኛ ፊት ጉዳይዋ ይታያል። ተቆጥታችሁ «ልጄን ስጡኝ» ብላችሁ ብትነሱ፣ ፈቃዱ ወደ ትእዛዝ ሊለወጥ ይችላል። መቃወም ካለባችሁ በአስተርጓሚ፣ ረጋ ብላችሁ፣ ምክንያቱን ጠይቁ።

ደረጃ 10. ቤት ከመግባቷ በፊት ቤቱን አዘጋጁ

«ወደ ቤት ሂዱ» ከተባላችሁ የደኅንነት ዕቅድ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። ነገሩ ሲጀምር የምታውቅበት ምልክት፣ ራሷን የምታረጋጋበት መንገድ፣ የምትደውልለት ሰው፣ የባለሙያ ስልክ በእሷ ቃል ይጻፍበታል። በእሷ ቃል ካልሆነ አትጠቀምበትም።

ከዚያ መድኃኒቱን ቆልፉ። የመታጠቢያ ቤቱን መሳቢያ ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ኮሪደሩ ላይ ያለው ሻንጣ ነው፤ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ብለን ከኮስኮ ገዝተን የምናጠራቅመው ታይሌኖል፣ አድቪልና ቫይታሚን። የአያት የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትም ከትራስ ሥር ይውጣ። ቁልፍ ያለው ሣጥን ግዙ፤ ቁልፉ እናንተ ጋ እንጂ የቡና ረከቦት ላይ አይሁን። ጊዜ ያለፈበትን ፋርማሲ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ባለው የመመለሻ ሣጥን ጣሉ። መሣሪያ ካለ ከቤት ቢወጣ ይሻላል፤ ካልተቻለ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው። ቅዳሜና እሑድ የምታድርበት የአክስቷ ቤትም እንዲሁ።

ደረጃ 11. የመጀመሪያው ሳምንት

ከሆስፒታል በወጡ በሚቀጥሉት ሳምንታት አደጋው ከፍ ይላል። ቀጠሮው በ7 ቀን ውስጥ ይሁን፤ ከመውጣታችሁ በፊት ቀንና ሰዓቱን በወረቀት ተቀበሉ፣ «እንደውልላችኋለን» አይበቃም። አዲስ የድብርት መድኃኒት ከጀመረች ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል። እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ የመሞት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል መድኃኒቱ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ስትቁነጠነጥ ወይም እንቅልፍ ስታጣ ካያችኋት ወዲያው ለሐኪሟ ደውሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠበል ለመሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ክኒኗን ይዛ ትሂድ፤ ጾም ካለ ሰዓቱን ሐኪሟ ያስተካክልላት።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- «ሰው ምን ይላል» ብሎ ሁለት ቀን ማዘግየት።
- ልጅቷን «ለሐኪሙ እንዲህ በዪ፣ ይህን አትበዪ» ብሎ ማስጠናት። ውሸቱ ይታወቃል፣ ሐኪሙም በተሳሳተ ነገር ይወስናል።
- «ትኩረት ፈልጋ ነው» ማለት። ቢሆንስ? ትኩረት ለማግኘት እዚህ የደረሰ ልጅ ትኩረቱ ያስፈልገዋል።
- ገባኝ እያሉ ራስ መነቅነቅ። ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» በሉ። እኛ አስተርጓሚዎች ሦስት ጊዜ ብንደግም አንሰለችም።
- በሒሳብ ፍርሃት መቅረት። ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌደራል ሕግ ኢመርጀንሲ ያለው ሆስፒታል ኢንሹራንስም ወረቀትም ሳይጠይቅ መርምሮ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ሒሳቡ በኋላ በፖስታ ሲመጣ አትጣሉት፣ ወዲያው በክሬዲት ካርድም አትክፈሉት። ደውላችሁ «ፋይናንሺያል አሲስታንስ» የሚባለውን ቅጽ ጠይቁ፤ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ይህ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ለዚያ ስልክም አስተርጓሚ አለ።